ያዩትን «አላየሁም» ያላሉት የመርከብ መሐንዲስ የአቶ ይሥሐቅ ኪዳነ ወልድ የሕይወት ታሪክ

የመርከብ መሐንዲስ አቶ ይሥሐቅ ኪዳነ ወልድ፣ በክርስትና ስማቸው ወልደ አማኑኤል፣ ኅዳር 12 ቀን 1960 ዓ.ም. በመንዝ ጌራ ምድር፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ቄስ ኪዳነ ወልድ በአጥቢያው አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን የሚቀድሱ፣ ከቅዳሴ መልስም ገብስ የሚያርሱ ካህን ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ወልደ ጻድቅ የበግ ጠጉር እየፈተሉ ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ የሚያሠሩ፣ በአካባቢው በእጃቸው ሥራ የታወቁ ሴት ነበሩ። ወላጆቻችን አምስት ልጆች ወልደው ሦስቱን በሕፃንነት ቀብረዋል። ለማደግ የበቃነው አቶ ይሥሐቅና ከእርሳቸው በሦስት ዓመት የማንስ እኔ ነን። አስካለ ማርያም እባላለሁ፤ በሞላሌ መምህርት ነኝ። ይህን ታሪክ የጻፍኩትም አሁን በፊታችሁ ቆሜ የማነበውም እኔው ነኝ።

አቶ ይሥሐቅ ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙት ከአባታቸው እግር ሥር ነው። ቄስ ኪዳነ ወልድ ልጃቸው ዲያቆን እንዲሆንላቸው ይመኙ ነበር፤ እርሳቸው ግን ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት መሐል ሜዳ ሲገቡ ያረፉበት ቤት ከወፍጮ ቤት ጋር በግድግዳ የሚዋሰን ሆነና ሐሳባቸው ሁሉ ወደ ሞተሩ ሄደ። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ሞተሩ ሲታመም በድምፁ ብቻ የትኛው ክፍሉ እንደደከመ ለባለ ወፍጮው ይነግሩት ነበር። የባለ ወፍጮውም ክፍያ እህላቸውን ወረፋ ሳያስጠብቅ መፍጨት ነበር፤ እናታችን ይህን እንደ ትልቅ ማዕረግ ያወሩት ነበር።

በ1978 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት አጠናቀው ወደ ባሕር ዳር ሄዱ፤ በ1981 ዓ.ም. በመካኒክነት በዲፕሎማ ተመረቁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ጥቂት ከሠሩ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ወደ አሰብ ወርደው በአገራችን የንግድ መርከቦች ላይ በረዳት መካኒክነት ተቀጠሩ። እናታችን ይህን ሲሰሙ፣ «መሬቱ አልቆ ነው ውኃ ላይ የሚሠራው?» ማለታቸው በቤታችን ብዙ ዓመት ሲሳቅበት ኖሯል። አቶ ይሥሐቅ ግን ባሕሩን ወደዱት። በ1987 ዓ.ም. ወደ ውጭ አገር ተልከው የመርከብ ሞተር ትምህርት ተምረዋል፤ ከዚያም ደረጃ በደረጃ አድገው ሦስተኛ መሐንዲስ ሆኑ።

ጥር 13 ቀን 1988 ዓ.ም. በመሐል ሜዳ በነርስነት ይሠሩ ከነበሩት ከወይዘሮ ጥሩሸዋ ሀብተ ማርያም ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። በ1990 ዓ.ም. አርሴማን፣ በ1994 ዓ.ም. ፍሬአብን ወለዱ። እንደ ባሕረኛ ሁሉ ዓመቱን በሙሉ ቤታቸው አይገኙም ነበር፤ በመጡ ጊዜ ግን የጎረቤት ሰው ሁሉ ወሬ ለመስማት ይሰበሰባል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያወሩት ከመርከቡ ፊት ፊት እየዘለሉ ስለሚሄዱት ዶልፊኖች፣ መርከቡ ላይ ስለሚወድቁት በራሪ ዓሦች ነበር። እየቆየ ወሬያቸው ተለወጠ። ሻርኮቹ እንደ ድሮው አይታዩም፤ በአንዳንድ ቦታ ውኃው ላይ የላስቲክ ከረጢትና የፕላስቲክ ጠርሙስ ተያይዞ እንደ ሜዳ ይተኛል፤ ተቆርጦ የተጣለ የዓሣ መረብ ማንም ሳይስበው ለዓመታት ዓሣ ሲገድል ይኖራል ይሉ ነበር። እኛ መስማት የምንፈልገው የዶልፊኖቹን ነበርና ይህኛውን ወሬ ቶሎ እናስቆማቸው ነበር።

በ2002 ዓ.ም. የተሻለ ማዕረግ አግኝተው በአንድ የውጭ አገር ጭነት መርከብ ላይ ሁለተኛ መሐንዲስ ሆኑ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ የሰማችሁት ግን ትክክለኛውን አይደለም። ስለዚህ በዝርዝር እንድናገረው ፍቀዱልኝ።

በማንኛውም መርከብ ሞተር ክፍል ወለል ሥር ዘይትና ነዳጅ የተቀላቀለበት ቆሻሻ ውኃ ይጠራቀማል። ሕጉ ይህ ውኃ ወይ ዘይቱን በሚለይ ማጣሪያ እንዲያልፍ፣ ወይ ወደብ ላይ እንዲራገፍ ያዛል። በዚያ መርከብ ላይ ግን ማጣሪያውን ዘሎ ቆሻሻውን በቀጥታ ወደ ባሕር የሚያፈስ ቧንቧ ነበር። ወደብ ሲቃረቡ ይፈታል፣ ከወደብ ሲርቁ ይታሰራል፤ በመዝገቡ ላይ ግን ሁሉም ነገር እንደ ሕጉ እንደተጣራ ይጻፋል። ትእዛዙ የሚመጣው ከዋናው መሐንዲስ ነው። አቶ ይሥሐቅ ይህን እያዩ ስምንት ወር ዝም አሉ። ዝም ብቻም አላሉም፤ ሁለት ጊዜ ቧንቧውን በገዛ እጃቸው አስረዋል። ይህን የምናገረው እርሳቸው ራሳቸው ከማንም ደብቀውት ስለማያውቁ ነው።

በጥር 2003 ዓ.ም. አንድ ማለዳ፣ በህንድ ውቅያኖስ ላይ ሳሉ፣ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፓምፕ ተበላሽቶ መርከቡ ቆመ። ከዚያ በፊት ቆሻሻው የሚፈሰው መርከቡ እየሄደ ስለነበር ወደ ኋላ የሚቀረውን ማንም ዞሮ አያየውም። በዚያ ማለዳ ግን ሞተሩ ሲቆም የቆሻሻው ቧንቧ አልተዘጋም። ነፋስ አልነበረም። ዘይቱ የሚሄድበት አጥቶ መርከቡን ዙሪያውን ከበበው። አቶ ይሥሐቅ ፓምፑን ጠግነው አየር ለመቀበል ወደ ላይ ሲወጡ በዘይቱ መካከል አንዲት የባሕር ኤሊ አዩ። ኤሊ በሳንባዋ የምትተነፍስ ፍጥረት ስለሆነች ከውኃ በላይ ብቅ ማለት ግድ ይሆንባታል። ብቅ ባለች ቁጥር ጥቁሩ ዘይት ዓይኗንና አፍንጫዋን ይደፍነዋል፤ ራሷን እየነቀነቀች ትሰጥማለች፤ ትንፋሽ ሲያጥራት ደግሞ እዚያው ዘይት ውስጥ ትወጣለች። ገመድና መረብ አውርደው ሊያወጧት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ሞተሩ ተነሥቶ መርከቡ ጉዞውን ሲቀጥል ኤሊዋ ገና ብቅ ትል ነበር።

ያን ዕለት ዋናውን መሐንዲስ፣ «ቧንቧው ይነሣ፣ ማጣሪያውን ጠግነን እንጠቀም» ብለው ጠየቁት። «ባሕሩ ሰፊ ነው፤ የአንተ ልጆች ግን ሁለት ናቸው። ስለ እነርሱ አስብ» አላቸው። ከሦስት ቀን በኋላ በአንዲት የደሴት አገር ወደብ ሲደርሱ፣ አቶ ይሥሐቅ የቧንቧውንና የመዝገቡን ፎቶግራፍ ለወደቡ ተቆጣጣሪዎች ሰጡ። ተቆጣጣሪው፣ «ይህን ሲያስሩ በዓይንህ አይተሃል?» ሲላቸው፣ «አይቻለሁ፤ ሁለት ጊዜም ያሰርኩት እኔ ነኝ» አሉ።

መርከቡ ታገደ። ዋናው መሐንዲስና ካፒቴኑ ተከሰሱ፤ አቶ ይሥሐቅም ምስክርነታቸውን ሰጥተው እስኪጨርሱ ከዚያች አገር እንዳይወጡ ተደረገ። የሥራ ባልደረቦቻቸው እንጀራቸው የተቋረጠው በእርሳቸው ምክንያት ነውና ፊት ነሷቸው። ከሁሉም በላይ ሲቆጫቸው የኖረው ግን የአራት ልጆች አባት የሆነ አንድ የሞተር ክፍል ሠራተኛ የተናገራቸው ነው። «ልጆቼን ከእንግዲህ ማን ያበላቸዋል? ያቺ ኤሊ?» ነበር ያላቸው። ከብዙ ዓመት በኋላም፣ «ለዚያ ሰው ዛሬም መልስ የለኝም» ይሉ ነበር።

በባሕር ዳርቻው በነበረ የባሕረኞች ማረፊያ ቤት ዐሥር ወር ተቀመጡ። የመርከቡ ባለቤት ጠበቃ እየመጣ አንድ ወረቀት ያቀርብላቸዋል። ወረቀቱ «ቧንቧው ሲሠራ አላየሁም፤ የተናገርኩት በቁጣ ተነሥቼ ነው» የሚል ነው። ከፈረሙ በማግሥቱ ወደ አገራቸው ይሳፈራሉ፤ ሥራቸውም አይነካም። አልፈረሙም።

ከማረፊያው በታች ያሉት የመንደሩ ሴቶች ባሕሩ ሲሸሽ ወደ ድንጋዮቹ ወርደው ስምንት እግር ያለውን የባሕር እንስሳ እያደኑ ይኖሩ ነበር። ከእነርሱ አንዷ ማሪያሙ የምትባል በዕድሜ የገፋች ሴት ነበረች፤ አቶ ይሥሐቅ በጥቂት እንግሊዝኛና በእጅ ምልክት ከእርሷ ጋር ይግባቡ ነበር። የመንደሩ ሰው እንስሳው እስኪያድግና እስኪራባ ብሎ የባሕሩን አንድ ክፍል በየዓመቱ ለሦስት ወር በስምምነት ይዘጋዋል። ማሪያሙ ይህን ስትነግራቸው ወዲያው ገባቸው፤ የአያቶቻችን የጋራ መሬት የሆነው ጓሳም ሣሩ ለዓመታት ተከልክሎ፣ ቀኑ ደርሶ ሲፈቀድ ብቻ እንደሚታጨድ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገሯት። «ሳይፈቀድ ያጨደውን ሰው ጠባቂው ምን ይቀጣዋል?» ብላ ጠይቃቸው ስለ መንዝ ሲያወሩ ዋሉ።

በዚያ ዓመት ግን የመዝጊያው ጊዜ ሊያበቃ ሳምንት ሲቀረው የዘይት ዝቃጭ ከባሕር መጥቶ በተዘጋው ቦታ ላይ ተኝቶበታል። ሦስት ወር ጦማቸውን ያደሩለት ነገር ጠቁሮ ጠበቃቸው። ዘይቱ የየትኛው መርከብ እንደሆነ አልተረጋገጠም፤ አቶ ይሥሐቅ ግን በዚያው ሰሞን በዚያ አካባቢ ማለፋቸውን ያውቃሉ። ይህንንም ለማሪያሙ አልደበቋትም። ማሪያሙም፣ «መርከቡ ላይ ሆናችሁ እኛ እንታያችሁ ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። «አትታዩም ነበር» አሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አቶ ይሥሐቅ በየማለዳው ከሴቶቹ ጋር እየወረዱ ዘይት የነካቸውን ድንጋዮች ሲጠርጉ፣ ኤሊዎች እንቁላላቸውን የቀበሩበትን አሸዋ ሰው እንዳይረግጠው እንጨት ተክለው ሲያጥሩ ከረሙ።

በሰኔ ወር እናታችን ታመሙ። አባታችን ከዚያ ቀደም በ1993 ዓ.ም. ዐርፈው ስለነበር አስታማሚዎቹ እኔና ወይዘሮ ጥሩሸዋ ነበርን። ሐምሌ ላይ ከአልጋ መነሣት አቃታቸው፤ በር በተንኳኳ ቁጥር «ይሥሐቅ መጣ?» ይሉ ጀመር። እኔም ስልክ ደወልኩ። የተባባልነውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«እማዬ አልቆላታል፤ የምትጠራው ስምህን ነው፤ ና» አልኩት።

«ካልፈረምኩ አይለቁኝም፣ አስካለ።»

«ታዲያ ፈርማ! ለዓሣ ብለህ እናትህ ሳታይህ ትሙት?»

ከዚያም፣ «ያየሁትን አላየሁም ብዬ ልማል?» አለኝ።

«አዎ፣ ማል» አልኩት።

የቄስ ልጅ ነኝ። ልጆችን ሐሰት ነውር ነው እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝ። ወንድሜን በሐሰት እንዲምል በአፌ አዝዤዋለሁ።

አልፈረሙም። እናታችን ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ነሐሴ 11 ቀን 2003 ዓ.ም. በፍልሰታ ጾም ዐረፉ። እስከ መጨረሻው ልጃቸውን ሲጠይቁ ነበር፤ ነገሩን የሚያስረዳቸው ሰው አልነበረም፤ እኔም ላስረዳቸው አልሞከርኩም። መርዶውን በስልክ ያረዷቸው ወይዘሮ ጥሩሸዋ ናቸው። በዚያች ደሴት ማሪያሙና የመንደሩ ሴቶች የእኛን ለቅሶ ባያውቁትም ምንጣፍ ይዘው መጥተው ሦስት ቀን አብረዋቸው መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

ችሎቱ ያበቃው በኅዳር 2004 ዓ.ም. ነው። ተከላካይ ጠበቃው አቶ ይሥሐቅን፣ «አንተም ያሰርክ ከሆነ ከእነርሱ በምን ትሻላለህ?» ብሎ ሲያፋጥጣቸው፣ «አልሻልም፤ የመጣሁት እሻላለሁ ልል ሳይሆን ያደረግነውን ልናገር ነው» ማለታቸውን ከችሎቱ መዝገብ ቅጂ ላይ አንብቤዋለሁ። የመርከቡ ባለቤት ተቀጣ፤ ዋናው መሐንዲስ ጥቂት ወራት ታሰረ፤ አቶ ይሥሐቅ ራሳቸው ስለ ተናገሩና ስለ መሰከሩ ያለ ቅጣት ተለቀቁ። መርከቡ ግን ተሸጦ፣ ስሙ ተቀይሮ፣ በዓመቱ እንደገና ባሕር ላይ ነበር። የእርሳቸው ስም ደግሞ በየቀጣሪው ዘንድ ተዳረሰ። ሃያ ሰባት ማመልከቻ ጻፉ፤ አንድም መርከብ አልተቀበላቸውም።

ታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. መሐል ሜዳ ከአውቶቡስ ወርደው፣ ሻንጣቸውን እንደያዙ በቀጥታ የሄዱት እዚሁ አማኑኤል፣ ወደ እናታችን መቃብር ነው። እኔ ልቀበላቸው አልመጣሁም። ሦስት ዓመት ከአራት ወር አላነጋገርኳቸውም።

ከዚህ የከፋም አድርጌአለሁ። በከተማው «ዕቃ ሲያሻግር ተይዞ ታስሮ ነው የመጣው» የሚል ወሬ ተነሣ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል አንዲት ባልደረባዬ፣ «ወንድምሽ የታሰረው በስርቆት ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ «እኔ የማውቀው ነገር የለም» አልኩ። አውቅ ነበር። ወሬው ከዚያ ክፍል ወጥቶ ወደ ገበያ፣ ከገበያው ወደ ሰንበቴው ሄደ። ልጃቸው ፍሬአብ በትምህርት ቤት የሌባ ልጅ ተብሎ ተደባድቦ ጥርሱ ተሰብሯል። አቶ ይሥሐቅ ወሬውን ማን ማስቆም ይችል እንደነበር ያውቁ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ስሜን አላነሡም።

ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በመሐል ሜዳ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት አውቶ መካኒክ አስተማሩ። ተማሪዎቻቸው እንደሚመሰክሩት የመጀመሪያው ትምህርታቸው ሞተር ስለ መፍታት ሳይሆን የተቃጠለው ዘይት የት እንደሚደፋ ነበር። «ከዚህ ሸለቆ የሚወርደው ጀማ ይገባል፤ ጀማ ዓባይ ይገባል፤ ዓባይ ባሕር ይገባል። እዚህ ሆናችሁ የማታዩት ሰው አለ» ይሏቸው ነበር። በከተማው ጋራዦች የተቃጠለ ዘይት ወደ ፈፋው መደፋቱን እንዲያቆሙ በየደጃፉ እየዞሩ ለመኑ። የጋራዥ ባለቤት የሆኑት አቶ ወዳጆ፣ «ከባሕር ያስባረረህን ነገር እዚህ ደግሞ ይዘህብን መጣህ?» ብለው በሰው ፊት መልሰዋቸዋል። አቶ ይሥሐቅ በማግሥቱ ባዶ በርሜል አስጭነው ሄደው በዚያው ጋራዥ በር ላይ አስቀመጡ። ቀስ በቀስ አቶ ወዳጆም ሌሎችም እየገለበጡበት፣ በርሜሎቹ ሲሞሉ መኪና ተገኝቶ ወደ ደብረ ብርሃን ይላክ ጀመር። ይህ ለጥቂት ዓመታት ሠርቷል። ካለፈው ዓመት ወዲህ መንገዱ እየተዘጋ በርሜሎቹን የሚያነሣ መኪና ጠፋና ሞልተው ፈሰሱ፤ ዘይቱም እንደ ቀድሞው ወደ ፈፋው መደፋት ጀምሯል። አቶ ይሥሐቅ በሕመማቸው ጊዜ በምርኩዝ ሄደው ይህን አይተው ተመልሰዋል።

የታረቅነው በሽማግሌ አይደለም። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሞላሌ የማስተምርበት ትምህርት ቤት የውኃ ፓምፕ ተበላሽቶ ልጆቹ ተቸገሩ፤ ርእሰ መምህሩ እኅትና ወንድም መኳረፋችንን ሳያውቁ አቶ ይሥሐቅን አስጠሯቸው። ሲፈቱና ሲገጥሙ ዋሉ። ምሳ የማቀርብላቸው እኔ እንድሆን ተነገረኝና ሰሐኑን ይዤ ሄድኩ። እጃቸውን በሳሙና እየታጠቡ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «አስካለ፣ ብፈርም ኖሮ እማዬን በሕይወት አገኛት ነበር። ይህን ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም። ልክ ነበርክ በይኝ ብዬ አልለምንሽም» አሉኝ።

«ታዲያ ምን ልበልህ?» አልኳቸው።

«ምንም አትበይ። ተቀመጪና አብረን እንብላ።»

ተቀመጥኩ። ይቅርታ ሳልጠይቅ በላሁ። ከዚያ በኋላም ዐሥር ዓመት ሙሉ ቤታቸው እየገባሁ፣ አብሬ እየበላሁ፣ በመምህራን ክፍል ያልኩትን አልነገርኳቸውም፤ ወሬውንም ሄጄ አላስተካከልኩም። በየዓመቱ ለከርሞ እያልኩ አሳደርኩት።

በ2015 ዓ.ም. ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው መድከማቸው ታወቀ። ምክንያቱ በሞተር ክፍል ዘይትና ኬሚካል ውስጥ የኖሩባቸው ዓመታት ይሁኑ አይሁኑ ሐኪሞች በእርግጠኝነት አልተናገሩም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ደብረ ብርሃን እየተመላለሱ ደማቸውን ያሳጥቡ ነበር። በአካባቢያችን ሰላም ደፍርሶ መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ሁሉ ቀጠሯቸው ያመልጣቸዋል፤ አንድ ጊዜ ዐሥራ አንድ ቀን ያለ ሕክምና ቆይተው ከሞት አፋፍ ተመልሰዋል። ደብረ ብርሃን ሄደው ልጃቸው አርሴማ ዘንድ እንዲቀመጡ ስንለምናቸው፣ «ተማሪዎቼን ላስፈትን» እያሉ ዘገዩ። በኋላ ግን ገቡላት።

ባለፈው ዓመት ግንቦት፣ አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ ሳለሁ፣ ከማሪያሙ መንደር በስልክ መልእክት ደረሳቸው። ማሪያሙ ራሷ ካረፈች ቆይታለች፤ የጻፈችው የልጅ ልጇ ናት። «ዘንድሮ ዘይት አልመጣም፤ ግን ባሕሩ ሞቀ። ሕይወት ያለው ድንጋያችን፣ ኮራሉ፣ በሙሉ ነጥቶ ሞተ። ዘግተን ብንጠብቅም የሚታደን ነገር አልወጣልንም» ይላል። አቶ ይሥሐቅ ሁለት ጊዜ አንብበው ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «ያኔ ቧንቧውን ፎቶ አንሥቼ ነበር። ባሕሩን የሚያሞቀው ጭስ ቧንቧ ግን በሰው ሁሉ ቤት ነው፤ ለማን ይመሰከራል?» አሉ። ለልጅቷ ግን መልስ ጽፈዋል፤ ምን ብለው እንደጻፉላት አላሳዩኝም።

በጥር ወር ሕመማቸው ጸና። የንስሐ አባታቸው መጥተው አናዘዟቸው፤ ሥጋ ወደሙ ተቀበሉ። እኔም ያን ሳምንት፣ ዘግይቼም ቢሆን፣ በመምህራን ክፍል የተናገርኩትን ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። «አውቄው ነበር» አሉ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም፤ አልልሽም አላሉም። እጄን ያዙና ተኙ። ሲነቁ የጠየቁት ፍሬአብ ጥርሱን አስተክሎ እንደሆነ ነው።

አቶ ይሥሐቅ ኪዳነ ወልድ እሑድ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በደብረ ብርሃን፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት፣ በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ዐረፉ። ትናንት መንገዱ ተከፍቶልን በሰላም አምጥተናቸዋል፤ ዛሬ የካቲት 11 ቀን አፈር የሚለብሱትም ከአባታቸውና ከእናታቸው ጎን ነው። ከኋላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩሸዋ ሀብተ ማርያም፣ በደብረ ብርሃን በፋርማሲ ባለሙያነት የምትሠራው ልጃቸው አርሴማ፣ በአዲስ አበባ በብየዳ ሥራ የሚተዳደረው ልጃቸው ፍሬአብ፣ አንዲት የልጅ ልጃቸው ትሕትና፣ እኔ እኅታቸው፣ እንዲሁም በዐሥራ ሁለት ዓመት ያስተማሯቸው መካኒኮች ቀርተዋል።

ወንድሜ ሌባ አልነበሩም። ዕቃ አላሻገሩም፤ አልታሰሩም። ባሕሩን በድለዋል፤ በደላቸውንም በሰው ሁሉ ፊት ተናግረዋል፤ ከተናገሩም በኋላ የሚያስከፍላቸውን ሁሉ ከፍለዋል። ከእኔ ዝምታ የተነሣ ሌላ ያመናችሁ ሁሉ ዛሬ ከቀብር ስትመለሱ ለቀሩት ይህን ንገሩልኝ። ፍሬአብ ልጄ፣ ይህ በሕዝብ ፊት የተነበበው አንተ እንድትሰማው ጭምር ነው።

ሥርዓተ ጸሎቱን ለመሩልን ካህናት፣ መንገዱ አስቸጋሪ ሳለ ከሞላሌ፣ ከደብረ ብርሃንና ከዓለም ከተማ ድረስ በእግርም በመኪናም መጥታችሁ ላስተዛዘናችሁን ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

ሰማይንና ምድርን፣ ባሕርንና በውስጧ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ የፈጠረ እግዚአብሔር የአገልጋዩን የወልደ አማኑኤልን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥ። እርሳቸው በእጃቸው ያደረጉትን ይቅር ይበላቸው፤ እኔ በአፌ ያደረግኩትን ይቅር ይበለኝ።